አባቴ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በዚያው ቀን ወደ ቤት ቢመለስ ያሰጋል ወይ?

የጎማው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ የአባቴ ዓይን ስለሆነ አሳጥሬ ከምሳሳት አስረዝሜ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

አባቴ የ72 ዓመት አዛውንት ነው፤ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ቡና ያለማል። የግራ ዓይኑን ከብዙ ዓመት በፊት ቡና ሲለቅም ቅርንጫፍ ወግቶት ጠባሳ ስለቀረበት በዚያ ዓይን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ አያይም። አንድ ለእናቱ የሆነው የቀኝ ዓይኑ ደግሞ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሞራ እየጋረደው መጥቶ ዘንድሮ ብሌኑ ነጭ ሆኗል። ሰውን በድምፅ ነው የሚለየው፤ ወደ መስጊድ የሚሄደውም የልጅ ልጁ እጁን ይዛው ነው። በዚህ ላይ የስኳር ሕመም ስላለበት ስድስት ዓመት ሙሉ እንክብል ይወስዳል።

በቅርቡ ጅማ አምጥቼ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ እንደሚገባለት፣ ሥራውም ዓይኑ አካባቢ በሚሰጥ ማደንዘዣ ብቻ እንደሚከናወን ነገሩኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ «ጠዋት ይገባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይወጣሉ፣ በማግስቱ ለምርመራ ይመለሳሉ» ተባልኩ። አልጋ ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ መተኛት ስለማያስፈልግ ነው የሚል መልስ አገኘሁ።

ቤተሰቡ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍሏል። አጎቶቼ «ዓይን ተቀዶ እንዴት በዚያው ቀን ይወጣል? የማያስተኙት ሕመምተኛ ስለበዛባቸው ነው እንጂ ለሰውየው ስለሚበጅ አይደለም» ይላሉ። ታላቁ አጎቴማ ሞራው ገና ስላልበሰለ የቡና ለቀማው እስኪያልፍ ይቆይ ባይ ነው። እህቶቼ በበኩላቸው ዛሬ ነገ ሳይባል ይሠራለት ይላሉ። ውሳኔው የበኩር ልጅ በመሆኔ እኔ ላይ ወድቋል፤ ይህ ዓይን ቢበላሽ ሌላ መተኪያ የለውምና እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

ሳይተኙ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ተኝቶ ከሚደረገው ያነሰ ደኅንነት አለው ወይ? ውጤቱስ እኩል ነው? የምታውቁ፣ በተለይም ያስታመማችሁ ወይም ራሳችሁ የታከማችሁ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ።

የዓይን ነርስ፣ ጅማ

ወንድሜ፣ የአጎቶችዎ ሥጋት ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዓይን ሕክምና ክፍል ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። መልስ ለመስጠት ግን አስቀድሞ አንድ ነገር መጠየቅ ያሻል፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሊደርስ የሚችለው ችግር ምንድን ነው፣ የሚደርሰውስ መቼ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያሰጋው የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ በማግስቱ በራሱ ወይም በመድኃኒት ይወርዳል፤ ጤነኛ የዓይን ነርቭ ያለው ሰው ያለ ጉዳት ያልፈዋል፤ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ያለበት ሰው ግን ሊጎዳበት ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ሁለተኛው ችግር ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ነው። እሱ የሚመጣው በአብዛኛው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ አባትዎ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ቢያድሩ ያ ሌሊት ሊደርስ የሚችለው ለመጀመሪያው ችግር ብቻ ነው። ኢንፌክሽኑ በሚመጣበት ቀን ተኝቶ የታከመውም ሳይተኛ የታከመውም ሁለቱም ቤታቸው ናቸው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በስፔን ባርሴሎና ከ900 በላይ ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ተኝተው፣ ግማሾቹ ሳይተኙ የታከሙበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሳይተኙ በታከሙት ላይ የዓይን ግፊት መጨመር በዛ ብሎ ታይቷል፤ ይህን ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ከ4 ወር በኋላ ግን የሁለቱ ወገኖች የማየት ችሎታ ልዩነት አልነበረውም። የተኝቶ ሕክምናው ወጪ ግን 20 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር። ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም ለሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ስለበዛባቸው ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም፤ ሕመምተኛ በማይበዛበት አገርም አሠራሩ ይኸው ነው።

በፊት ለምን ይተኛ ነበር ቢሉ፣ ምክንያቱ ቁስሉ ነው። ድሮ ሞራው የሚወጣው ብሌኑን የሚሸፍነው ግልጽ ክፍል ግማሽ ዙሪያ ያህል ተከፍቶ ስለነበር ብዙ ስፌት ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው ጭንቅላቱን ካንቀሳቀሰ ቁስሉ ይከፈታል ተብሎ ይፈራ ነበር። አሁን በአገራችን በስፋት የሚሠራው አነስተኛ ክፍተት ያለው የእጅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን መግቢያ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ እንደ ዋሻ አድርጎ ይሠራል፤ ዋሻዋ አግድም ስለምትሄድ የዓይን ግፊት ራሱ ከውስጥ ይዘጋታል፤ ስፌት አያስፈልጋትም። ሥራው ለለመደ ሐኪም ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ፌኮ የሚባለው ደግሞ ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰብሮ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀዳዳ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። እንደ አባትዎ ነጭ ሆኖ ለጠጠረ ሞራ የእጁ ዘዴ ከፌኮ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሐኪሞች ለእንደዚህ ያለው ይመርጡታል።

ታዲያ ደኅንነቱ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማየው አብዛኛው የሚወሰነው ቀዶው ሳይጀመር ነው። የእንባ መውረጃው የተደፈነና መግል ያለው ሰው፣ ወይም በማዝ (በትራኮማ) ምክንያት የሽፋሽፍቱ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው ሰው፣ ያ ሳይታከም መቀደድ የለበትም። የስኳሩ መጠን ይታያል። የዓይኑ ርዝመት ተለክቶ የሌንሱ ቁጥር ይወሰናል። ሕመምተኛው 20 ደቂቃ ያህል በጀርባው ሳይንቀሳቀስና ሳያስል መተኛት መቻሉ ይጠየቃል። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስድ አዛውንት ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱ ብሌኑ በደንብ እንዳይከፈትና በዙሪያው ያለው ባለቀለም ክፍል በሥራው መሐል እንዲልፈሰፈስ ያደርጋል፤ ሐኪሙ ካወቀ ግን ይዘጋጅበታል። ብዙ ሽማግሌዎች ይህን መድኃኒት ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብለው ሳይናገሩ ይቀራሉ።

በቀዶው ዕለት ደግሞ ዓይኑ በ5 በመቶ አዮዲን ይታጠባል፤ በመጨረሻም ብዙ ቦታ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይጨመራል። በደቡብ ሕንድ የሚገኙት የአራቪንድ ሆስፒታሎች ከ600,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ዓይን ውስጥ መጨመር ከተጀመረ ወዲህ ኢንፌክሽኑ ከ10,000 ሰው 7 ከነበረበት ወደ 2 መውረዱን አሳይተዋል። ስለ አልጋ ከመጠየቅ ይልቅ ይህ መድኃኒት ይሰጥ እንደሆነ ቢጠይቁ ለአባትዎ የሚበጀው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን የአባትዎ ሁኔታ ከሌላው ይለያል እላለሁ። የሚያዩበት አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ያ ዓይን ሲሸፈን ፍጹም ጨለማ ውስጥ ይገባሉ፤ በማያውቁት ደረጃ ላይ ቢወድቁ ቁስሉ ሊከፈት ይችላል። ማታ ዓይናቸውን ቢያማቸውና ቢያስመልሳቸው ከገጠር ተነሥቶ አጋሮ ለመድረስ፣ ከአጋሮም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ለመግባት መኪና የሚገኘው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል መተኛት ባያስፈልጋቸውም ጅማ ማደር ያስፈልጋቸዋል። ዘመድ ቤትም ይሁን አልቤርጎ፣ ከሆስፒታሉ በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ ይያዙና ቢቻል እስከ አንድ ሳምንት ይቆዩ። ብቸኛ ዓይን መሆኑን ለቀዶ ሐኪሙ ደግመው ይንገሩ፤ እንዲህ ያለውን ዓይን ልምድ ያለው ሐኪም እንዲይዘው የሚደረግ ስለሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ሞራው ይብሰል» የሚለውን ምክር ግን በምንም ዓይነት አይቀበሉት። ያ ምክር ድሮ ሞራው ከነሽፋኑ በሚወጣበት ዘመን የነበረ ነው። አሁን ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ይጠጥራል፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ሾልኮ ግፊቱን ያንረዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው በከባድ ሕመም ይመጣና የዓይን ነርቩ ተጎድቶ ይገኛል። ነጭ የሆነ ሞራ በስሎ አልቋል፤ ከእንግዲህ መጠበቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አስታማሚ፣ ሰርቦ

እኔ የምጽፈው የሚያጽናና ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን ለጠያቂው ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው።

እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ሳትተኛ ሞራዋ ወጥቶላት በማግስቱ ስትመረመር ሳጥን ላይ የነበረውን ሰዓት አንብባ ሁላችንንም አስለቅሳናለች። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሰጥቶን ወደ ቤት ተመለስን። ሲያስረዱን ወረፋው ረጅም ነበር፤ የሚያስረዳው ሰው ቸኩሎ ነበር፤ እኔም ደስታው ስለነበረ በጥንቃቄ አላዳመጥኩም። የተሰጠን ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር። እቤት ስንደርስ በየሁለት ሰዓቱ መደረግ የነበረበትን ጠብታ በቀን ሁለቴ አደረግነው። ቤታችን ውስጥ የማገዶ ጭስ ነበር፤ እናቴም ዓይኗ ሲያለቅስባት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ዓይኗ ቀላ። በአምስተኛው ቀን አመማት፣ እይታዋም ደበዘዘ። ቁስል እስኪድን ያማል ብለን አሰብን፤ ወደ ጅማ የምሄድበት የገበያ ቀን ሁለት ቀን ስለቀረው እስከዚያ ትታገሥ አልኳት። ከዓይኔ የማይጠፋው ያ ሁለት ቀን ነው። ስንደርስ ኢንፌክሽን መሆኑ ተነገረን፤ ዓይኗ ውስጥ መርፌ ተሰጣት፣ ለሳምንታት ታከመች። ዓይኗ ተርፏል፣ ዛሬ ቤት ውስጥ ያለ መሪ ትንቀሳቀሳለች፤ ሆኖም በማግስቱ ያየችውን ያህል ዳግመኛ አላየችም። የመረመሯት ሐኪም ምልክቱ በታየ ዕለት ብትመጡ ኖሮ ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችል ነበር አሉኝ።

ሆስፒታል ተኝታ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ነርሷ ከላይ እንደጻፉት ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ነበር የምትተኛው፤ ሕመሙ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። የጎደለን የሚያስረዳ ሰውና የመረዳት ትዕግሥት ነበር። ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ፣ መድኃኒቱን ሲሰጡህ እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሰዓቱን በራስህ እጅ ጻፍበት፤ የሚያስረዳህን ሰው አንተ መልሰህ ድገምለትና ልክ ነው እስኪልህ ድረስ አትነሣ። ጠብታውን የሚያደርግለት ሰው አንድ ይሁን፤ ሁሉም ሰው ሲያደርግ ማንም እንዳላደረገ ይሆናል። ሕመም ቢጨምር፣ ቅላት ቢጨምር፣ ወይም አይቶ የነበረው ቢደበዝዝ በዚያው ሰዓት ተነሥ፤ ኮንትራት መኪናም ቢሆን ተከራይ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ እኔ ሁለቱንም ዘመን ስላየሁ ልናገር።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ወስጃት ሞራዋ ወጥቶላት ነበር። ሁለቱም ዓይኗ ታሽጎ፣ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጭንቅላቷ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ግራና ቀኙ ተደግፎ ከሳምንት በላይ ቆየች። ምግቧን በእጄ አጎርሳት ነበር። ያን ሁሉ ታግሣም ሌንስ አልገባላትም፤ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ነው የተሰጣት። መነጽሩ ሲደረግ ሁሉ ነገር ገዝፎ ይታያታል፣ ደረጃ ስትወርድ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ትሳሳት ነበር፤ መነጽሩ ሲወልቅ ደግሞ የማታይ ሰው ትሆናለች። አንድ ቀን ወድቆ ሲሰበር ሌላ እስኪመጣ ሁለት ወር ተቀመጠች።

ዓይን ውስጥ የሚቀመጠው ሌንስ ያን ጊዜም በዓለም ላይ ነበር፤ ወደ እኛ ለመድረስ ዘገየ እንጂ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስተዋት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክሙ የዚያ ፕላስቲክ ስባሪ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋሉ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገቡ። የሙያ ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ተቃውመዋቸዋል። ይህን የምተርከው መምህር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ አባትህ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ አጎቶችህ ሲጠይቁህ የምትመልሰው እንዲኖርህ ነው።

የእኔ ተራ የደረሰው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እዚሁ ጅማ በሁለት ሰዓት ገባሁ፣ በሰባት ሰዓት ልጄ ይዞኝ ወደ ጅሬን በባጃጅ ተመለስኩ። ማደንዘዣው ሲሰጥ ጫና ነገር ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃን አያለሁ፣ የሐኪሙን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሕመም ግን አልነበረም። ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁረኝ ነበር፤ በሚዋጥ ማስታገሻ አለፈ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ በመጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። ነጭ ነው። እኔ ለዓመታት ነጭ የሚመስለኝ ለካስ ቡና የፈሰሰበት ዓይነት ቀለም ነበር፤ ሞራው ቡናማ ሆኖ ዓለሙን ሁሉ አቅልሞብኝ ኖሯል።

ሆስፒታል ባለመተኛቴ የጎደለብኝ ነገር የለም። በራሴ አልጋ፣ የባለቤቴን ምግብ እየበላሁ፣ ሌላ ሕመምተኛ ሳያስልብኝ አደርኩ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ቤት ስለሆነ ወደ መጸዳጃ ስሄድም አልተደናቀፍኩም። እንዲህ ስል ግን ሁለተኛው ዓይኔ ያይ እንደነበርና ልጄም ሌሊቱን አጠገቤ እንዳደረ አትርሳ።

የጎማው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰርቦዋን እናት ታሪክ ለእህቶቼ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጠብታውን የምታደርገው ታናሽ እህቴ ብቻ እንድትሆን በዚያው ተስማማን።

ለነርሷ ሦስት ነገር ልጨምር። አባቴ አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ በቀዶው ሰዓት የሚታዘዘውን ባይሰማስ? ሁለተኛ፣ ሶላት የማያቋርጥ ሰው ነውና ውዱእ ሲያደርግ ፊቱን መታጠቡ፣ በሱጁድም ግንባሩን ምድር ማድረጉ ዓይኑን ይጎዳው ይሆን? ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ቀዶው ተሳክቶም ቢሆን ላያይ ይችላል ወይ?

የዓይን ነርስ፣ ጅማ

ቋንቋውን ማንሣትዎ በጣም ጥሩ ነው። ሕመምተኛው ነቅቶ ስለሚሠራ «ወደ ታች ይመልከቱ»፣ «አይንቀሳቀሱ» ይባላል፤ ያልገባው ሰው ጭንቅላቱን ሊያነሣ ይችላል። ጅማ ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ችግር ስላልሆነ ካርድ ላይ አስቀድመው ያስጽፉት። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት እርስዎ ራስዎ ምን እንደሚባሉ፣ ፊታቸው በጨርቅ እንደሚሸፈን፣ ማሳል ቢፈልጉ በቃል እንጂ በእጃቸው እንዳያመለክቱ ይንገሯቸው። ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው የሚደነግጡ ሽማግሌዎች በርካታ ናቸው፤ የተነገራቸው ግን ዝም ብለው ይተኛሉ።

ስለ ሶላት፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ግድም ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ጭንቅላትም ከወገብ በታች እንዳይወርድ እንመክራለን፤ ትክክለኛውን ቀን በማግስቱ የሚያዩአቸው ሐኪም ይወስናሉ። ሕመምተኛ ተቀምጦ በምልክት መስገድ እንደሚችል፣ ውኃ ለሚጎዳውም ተየሙም (በውኃ ፈንታ በአፈር መንጻት) እንዳለ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ያስተምራሉ። እኔ ይህን ብነግራቸው ላይቀበሉኝ ይችላሉ፤ የሠፈራቸው ኢማም ቢነግሯቸው ግን ይቀበላሉና ከቀጠሮው በፊት ወደ እሳቸው ቢወስዷቸው መልካም ነው። እንዲህ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ያለ ጭንቀት ቀናቸውን ጨርሰዋል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስቀመጠው መለኪያ ከቀዶው በኋላ፣ አዲስ መነጽር ሳይታዘዝላቸው ባላቸው እይታ፣ ቢያንስ 80 በመቶዎቹ 6/18 ወይም የተሻለ እንዲያዩ፣ ከ6/60 በታች የሚቀሩትም ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ነበር። 6/18 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት ነው፤ በዚህ እይታ ሰው ፊት ይለያል፣ ብቻውን ይሄዳል፣ የቀላውን የቡና ፍሬ ካልቀላው ይለያል። በኔፓል የጠጠረና የቆየ ሞራ የነበራቸው 108 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው በፌኮና በእጅ ዘዴ በተሠሩበትና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት በስድስተኛው ወር ከሁለቱም ወገን 98 በመቶው በተስማሚ መነጽር 6/18 ወይም የተሻለ አይተዋል። ይህ እጅግ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች የተገኘ ውጤት መሆኑን ልብ ይበሉ።

የማያዩት ለምን አያዩም ቢሉ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሞራው ጀርባ ያለው ነው። ስኳር ሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) ይጎዳል፤ ግላኮማ ነርቭን ይገድላል፤ ሞራው ነጭ ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ አሻግሮ ማየት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የባትሪ ብርሃን ከአራቱም አቅጣጫ ሲበራላቸው አባትዎ ከየት እንደመጣ በትክክል ይናገራሉ ወይ? ከተናገሩ ጥሩ ተስፋ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይናቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ሬቲናው በቦታው መሆኑ ተረጋግጧል ወይ? ስኳሩ ደግሞ እስከ ቀጠሮው ድረስ ረጋ ብሎ እንዲቆይ ከሚያክሟቸው ሐኪም ጋር ይነጋገሩ፤ በዕለቱ እንክብሉን ይውሰዱ አይውሰዱ፣ ይብሉ አይብሉ የሚለውን ከሆስፒታሉ አስቀድመው ይወቁ፤ በራሳቸው ግምት ጹመው መጥተው ስኳራቸው ወርዶ ከበር የተመለሱ ሰዎች አሉና። ከቀዶው በኋላም ስኳር ያለበት ሰው ሬቲናው ሊያብጥ ስለሚችል የስድስት ሳምንቱን ቀጠሮ አይዝለሉት። ለቅርብ ንባብ መነጽር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታቸው ቀስ እያለ ቢደበዝዝ ሞራው ተመልሶ በቅሎ አይደለም፤ ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ስለደፈረሰ ነው፤ ያለ ቀዶ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ በትክክል 49.9 በመቶው፣ የታወረው በዚሁ በሞራ ግርዶሽ ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መድኃኒቱ የ20 ደቂቃ ሥራ የሆነ ሕመም ነውና፣ «ይብሰል» እየተባለ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

የጎማው ልጅ (ጠያቂ)

ዛሬ ጠዋት አባቴን ድጋሚ ወስጄ ጠየቅኩ። የባትሪውን ብርሃን ከአራቱም አቅጣጫ በትክክል ተናገረ፤ አልትራሳውንዱም ተሠርቶ ሬቲናው በቦታው ነው ተባልን። ብቸኛ ዓይን መሆኑ ካርዱ ላይ ተጽፎ ለነባሩ ሐኪም ተመርቷል። ፀረ ባክቴሪያውን ጠይቄ እንደሚሰጥ አረጋገጡልኝ፤ ጥያቄውን ስላነሣሁ የተቆጣኝም የለም።

እዚሁ ጅማ ቆጪ ሠፈር ያለች የአክስቴ ልጅ ምድር ቤት ያለውን ክፍሏን ለስምንት ቀን ለቃልናለች፤ ደረጃ የለውም፣ ወጥ ቤቱም ራቅ ስላለ ጭስ አይደርሰውም። ኢማሙን ትናንት አግኝተናቸዋል፤ አባቴም «ተቀምጬ እሰግዳለሁ» ብሏል። ታላቁ አጎቴ ሙሉ በሙሉ ባይስማማም ከእኛ ጋር እንደሚመጣና በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ እዚያው እንደሚገኝ ነግሮኛል። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ረቡዕ ማታ የሆነውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።